የከተማ የዝናብ ጎርፍን የማቆርና የማጣራት ፕሮጀክት አመራር፦ ከመጀመሪያው ጥናት እስከ መጨረሻው ርክክብ

በከተማ ውስጥ የሚዘንብ ዝናብ ከጣሪያ፣ ከአስፋልትና ከንጣፍ ላይ ሲወርድ አፈሩን፣ ፕላስቲኩን፣ የሞተር ዘይቱን፣ ከጎማና ከፍሬን ሸራ የተፋቀውን ብናኝ፣ የእንስሳቱን እዳሪ ሁሉ ጠራርጎ ይወርዳል። ይህን ውሃ ሰብስቦ ለማቆር፣ ለማጣራትና ወደ ወንዝ፣ ወደ መሬት ወይም ወደ አገልግሎት ለመመለስ የሚሠራ ግንባታ ስሙ የውሃ ሥራ ይባል እንጂ፣ ውሎ አድሮ የሚጠራቀምበት ደለልና ቆሻሻ ነው፤ ውሃውማ መጥቶ ያልፋል። ስለዚህ ፕሮጀክቱን የሚመራ ሰው ከመጀመሪያው ስብሰባ አንሥቶ እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ቆሻሻው የት ይቀመጣል? ማን፣ በምን መሣሪያና በየትኛው በጀት ያወጣዋል? ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የፕሮጀክቱን ሂደት በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ቢሆንም፣ በየደረጃው ወደዚሁ ጥያቄ መመለሱ አይቀርም።

ዓላማውን በቁጥር መጻፍ

የዝናብ ጎርፍ ፕሮጀክቶች ብዙውን ጊዜ በአንድ ቁፋሮ ሦስት ፍላጎቶችን ለማርካት ይነሣሉ፤ እነዚህም ጎርፍን መቀነስ፣ የውሃውን ጥራት ማሻሻልና ውሃውን አቁሮ መጠቀም ናቸው። ሦስቱ እርስ በርስ ይጋፋሉ። ጎርፍ የሚቀንስ ማቆሪያ ኃይለኛው ዝናብ ሲመጣ ባዶ ሆኖ መጠበቅ አለበት፤ ለአትክልት ማጠጫ የሚያገለግል ማቆሪያ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ቢሆን ይመረጣል። ማጣሪያ ደግሞ የሚሠራው በየጊዜው ለሚመላለሰው አነስተኛና መካከለኛ ዝናብ ነው፤ በዓመት ውስጥ ከሚወርደው ውሃ አብዛኛው የሚመጣው በዚህ ዓይነቱ ዝናብ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው ማሪና ባራጅ የተባለው የሲንጋፖር ግድብ ለውሃ አቅርቦት፣ ለጎርፍ መከላከያና ለመዝናኛ በአንድነት ያገለግላል፤ ይህን የቻለው ግን 10,000 ሄክታር ከሚሆን ተፋሰስ የሚወርደውን ውሃ የባሕሩ ሞገድ ሲሸሽ በበሮች እያስወጣ፣ ባሕሩ ከፍ ሲል ደግሞ በግዙፍ ፓምፖች እየገፋ ስለሚቆጣጠር ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያና እሱን የሚያንቀሳቅስ ቋሚ ሠራተኛ በሌለበት ሦስቱንም በአንድ ጉድጓድ አሳካለሁ ማለት ሦስቱንም በግማሽ መሥራት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2011 በኮፐንሃገን ላይ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወርዶ ምድር ቤቶችንና መንገዶችን አጥለቀለቀ። ከተማዋ በማግሥቱ ዓመት ያወጣችው ዕቅድ ሁሉንም ውሃ በቱቦ ለመዋጥ አልሞከረም፤ ከቱቦው አቅም በላይ የሆነው ጎርፍ በተመረጡ መንገዶችና መናፈሻዎች ላይ ጉዳት ሳያደርስ የሚሄድበትንና የሚቆይበትን መንገድ ወሰነ እንጂ። የፕሮጀክት መሪው ከዚህ የሚወስደው ተግባራዊ ነገር አለ። የዓላማው ሰነድ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን መያዝ ይኖርበታል፦ ሙሉ በሙሉ ተጣርቶ የሚወጣው የዝናብ መጠን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ቱቦውና ማቆሪያው ያለ ጉዳት የሚያሳልፉት ጎርፍ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቅ እንደሆነ፣ ከዚያ የባሰው ሲመጣ ደግሞ ውሃው በየት በኩል እንዲሄድ እንደተፈቀደ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቢዘለልም ውሃው መሄዱ አይቀርም፤ መንገዱን የሚመርጠው ግን ራሱ ነው።

ተፋሰሱን በእግር ማወቅ

በመዝገብ ቤት የሚገኝ የቱቦ ንድፍና መሬት ውስጥ ያለው ቱቦ አንድ ነው ብሎ መነሣት አይገባም። ማንሆሎች ተከፍተው የቱቦው ስፋት፣ ጥልቀትና ተዳፋት መለካት፣ በቅየሳ መመዝገብ አለበት። ተፋሰሱን በበጋ አንድ ጊዜ፣ ዝናብ እየዘነበ ደግሞ ሌላ ጊዜ መዞር ያስፈልጋል፤ በካርታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል የተባለ ጎዳና በአንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ምክንያት ወደ ምዕራብ ሲፈስስ የሚታየው በዝናብ ጊዜ ብቻ ነው።

የበጋው ጉብኝት የራሱ ተልእኮ አለው። ለሦስት ቀን ያህል ዝናብ ሳይዘንብ ቆይቶ በዝናብ ቱቦው ውስጥ ውሃ እየሄደ ከተገኘ፣ ያ ውሃ ከሦስት ቦታ በአንዱ የመጣ ነው፤ ወይ የከርሰ ምድር ውሃ ገብቷል፣ ወይ የመጠጥ ውሃ መስመር ያፈሳል፣ ወይ ደግሞ አንድ ሰው የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ከዝናብ ቱቦው ጋር አገናኝቷል። የአሞኒያ፣ የሳሙናና የክሎሪን ምርመራ ሦስቱን ለመለየት ይረዳል፤ አሞኒያና ሳሙና ወደ መጸዳጃ ፍሳሽ፣ ክሎሪን ወደ ታከመ የቧንቧ ውሃ ይጠቁማሉ። በአፈርና በተክል የሚሠራ ማጣሪያ የዝናብ ውሃን እንጂ የመጸዳጃ ፍሳሽን እንዲያጣራ አይነደፍም። ስለዚህ ሕገ ወጥ ግንኙነቶቹን ፈልጎ መቁረጥ ከግንባታው በፊት የሚጠናቀቅ፣ የራሱ በጀትና የጊዜ ሰሌዳ ያለው ሥራ መሆን አለበት።

በዚሁ ዙር የመሬት አጠቃቀሙ ይመዘገባል። ጋራዥ፣ ነዳጅ ማደያ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ የበዛበት መጋዘን፣ ገበያ፣ ገና ያልተጠናቀቀ የግንባታ ቦታ እያንዳንዳቸው የተለየ ቆሻሻ ይልካሉ። ዚንክ በአብዛኛው ከገላቫናይዝድ ቆርቆሮና ከጎማ፣ መዳብ ከፍሬን ሸራ ይመጣል፤ ነዳጅ ማደያና ጋራዥ ባለበት ቦታ ውሃውን በቀጥታ ወደ መሬት ማስረግ የከርሰ ምድር ውሃን መበከል ስለሚሆን መከልከል አለበት።

ስሌቱ፦ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች

ለአነስተኛ ተፋሰስ የጎርፉን ከፍተኛ ፍሰት ለመገመት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጥቅም ላይ ያለው ቀላል ስሌት አሁንም ያገለግላል። የተፋሰሱ ስፋት በሄክታር፣ የዝናቡ ጥንካሬ በሚሊ ሜትር በሰዓት፣ እንዲሁም ከዘነበው ውስጥ ወደ ጎርፍ የሚለወጠው ድርሻ ይባዙና ለ360 ይካፈላሉ፤ ውጤቱ በሴኮንድ የሚፈስሰው ሜትር ኪዩብ ነው። ድርሻው ለአስፋልትና ለጣሪያ ከ0.70 እስከ 0.95፣ ለሣር ሜዳ ደግሞ እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ከ0.05 እስከ 0.35 ድረስ ይወሰዳል። ለምሳሌ 12 ሄክታር ስፋት፣ 0.7 ድርሻና በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ጥንካሬ ቢኖር ፍሰቱ በሴኮንድ 1.4 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። የዝናቡ ጥንካሬ የሚመረጠው ከተፋሰሱ እሩቅ ጫፍ የተነሣ ውሃ እስከ መውጫው ለመድረስ ከሚፈጅበት ጊዜ ጋር እኩል ለሚቆይ ዝናብ ነው። ይህ ስሌት ከ80 ሄክታር ገደማ በላይ ለሆነ ተፋሰስ ወይም ማቆሪያ ለተሰካካበት መረብ አይበቃም፤ እዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1971 መጀመሪያ ተሠርቶ እስካሁን እየተሻሻለ በነፃ የሚሠራጨውን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሞዴል የመሰለ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቁጥር የሚጣራው ውሃ መጠን ነው። በብዙ የንድፍ መመሪያዎች ውስጥ ለማጣሪያ የሚወሰደው ዝናብ 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የተሻለው ግን በአካባቢው የዝናብ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ከዝናቦቹ 85 ወይም 90 በመቶ የሚሆኑት የማይበልጡትን መጠን ማግኘት ነው። ከዚያም ውሃ የማያሳልፈው ገጽ በመቶኛ ተወስዶ በ0.009 ይባዛና 0.05 ይደመርበታል፤ የሚገኘው ድርሻ በዝናቡና በስፋቱ ይባዛል። ከላይ ባለው ተፋሰስ ላይ 70 በመቶው ውሃ የማያሳልፍ ቢሆን ድርሻው 0.68፣ የሚጣራው መጠን ደግሞ 2,040 ሜትር ኪዩብ ይሆናል።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የንድፉን ባሕርይ ይገልጣል። በሴኮንድ 1.4 ሜትር ኪዩብ የሚገባ ጎርፍ 2,040 ሜትር ኪዩቡን በ24 ደቂቃ ገደማ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ በማጣሪያው ላይ እንዲያልፍ ከተተወ ቀድሞ የተያዘውን ደለል ቀስቅሶ ይዞት ይሄዳል፤ ማጣሪያው በመጀመሪያው ሰዓት የሠራውን በሁለተኛው ሰዓት ያፈርሳል ማለት ነው። ስለዚህ ከማጣሪያው በፊት የመጠን መለያ ክፍል ሠርቶ መጀመሪያ የሚመጣውን ውሃ ወደ ማጣሪያው፣ ትርፉን በዋናው ቱቦ በቀጥታ ማሳለፍ ተመራጭ ነው። የመሬት ጥያቄም እዚሁ ላይ ይነሣል፤ 2,040 ሜትር ኪዩብ በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢተኛ 6,800 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከተፋሰሱ 6 በመቶ የሚጠጋ ቦታ ይፈልጋል። ዝናቡ ሳያቆም ውሃው እየሰረገ ስለሚሄድ ትክክለኛው ስፋት ከዚህ ማነሱ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ከመሬት ባለቤቶች ጋር ንግግር ለመጀመር ይህ ግምት ይበቃል።

በኮምፒዩተር የተሠራ ባለ ቀለም የጎርፍ ካርታ በስብሰባ ላይ ከማንኛውም ክርክር በላይ አሳማኝ ነው፤ አደጋውም ይኸው ነው። የሞዴሉ ውጤት በእጅ ከተሠራው ስሌት በእጅጉ ከራቀ፣ ልዩነቱ የት እንደተፈጠረ እስኪታወቅ ድረስ ሰነዱ ላይ ፊርማ ማሳረፍ አይገባም።

የማጣሪያው ቅደም ተከተል

ማንኛውም ነጠላ መሣሪያ ሁሉንም ቆሻሻ አይዝም። ትልልቁ ቆሻሻ በወንፊት ብረት፣ አሸዋና ጠጠሩ በደለል ማስቀሪያ ገንዳ፣ ደቃቁና የሟሟው በአሸዋ ማጣሪያ፣ በተክል በተሸፈነ የአፈር ማጣሪያ ወይም በሰው ሠራሽ ረግረግ ይያዛል። ቅደም ተከተሉ የግድ የሆነበትን ምክንያት የደለሉ የመስመጥ ፍጥነት ያሳያል። በረጋ ውሃ ውስጥ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት አንድ ሜትር ለመስመጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነ የሸክላ ቅንጣት ግን ለዚያው አንድ ሜትር ከሦስት ቀን በላይ ይፈጅበታል። ብዙው ብረትና ፎስፎረስ የሚጣበቀው በዚሁ በደቃቁ ላይ ስለሆነ ገንዳ ብቻ ሠርቶ «ውሃው ተጣርቷል» ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ገንዳውን ዘሎ ማጣሪያ ብቻ መሥራት ርካሹን አሸዋ በውዱ ማጣሪያ ላይ መድፋት ነው።

በተክል የተሸፈነ ማጣሪያ ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ውፍረት ያለው፣ በአብዛኛው አሸዋ የሆነ ድብልቅ ይይዛል። ውሃ የማሳለፍ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ቶሎ ይደፈናል፣ እጅግ ከበዛ ደግሞ ተክሉ ይደርቃል፣ ውሃውም በቂ ጊዜ አያገኝም። ንድፉ ሲሠራ አዲሱ ፍጥነት ሳይሆን ግማሹ ይወሰድ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚኖረው እርሱ ነውና። ኮምፖስት ሲበዛ ተክሉ ያምራል፣ ነገር ግን ከኮምፖስቱ የሚታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙን ከአልጌ ለማዳን የተሠራ ማጣሪያ ራሱ አልጌ መጋቢ የሚሆንበት አጋጣሚ በዚህ ምክንያት የሚፈጠር ነው። በላዩ የሚቆመው ውሃ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ኖሮት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መድረቅ አለበት፤ ይህ ገደብ ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር እንዳትደርስ ያደርጋል፣ ለሚቀጥለውም ዝናብ ቦታ ይለቅቃል።

ውሃውን ወደ መሬት ማስረግ ከተፈለገ የአፈሩ ስርገት በቦታው ላይ፣ ማስረጊያው በሚያርፍበት ጥልቀት መለካት አለበት፤ የተለካውም ቢያንስ ለሁለት ተካፍሎ ይወሰድ። ከማስረጊያው ወለል እስከ ከፍተኛው የከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ አንድ ሜትር መኖሩ፣ የሕንፃ መሠረትና የድጋፍ ግንብ በቅርብ አለመኖሩ፣ አፈሩም ቀድሞ በኬሚካል ያልተበከለ መሆኑ ይረጋገጣል። ሰው ሊነካው ለሚችል አገልግሎት የሚውል ውሃ ደግሞ ተጣርቶ ድፍርስነቱ ከቀነሰ በኋላ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወይም በክሎሪን መታከም አለበት፤ ድፍርስ ውሃ ላይ ብርሃን ማብራት ኤሌክትሪክ ከመጨረስ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ገንዘብና ባለቤትነት

ለግንባታ ገንዘብ የሚሰጥ አካል ብዙ ነው፤ ጭቃ ለማውጣት የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። በመሆኑም የአዋጭነት ጥናቱ የግንባታውን ወጪ ብቻ ሳይሆን የ20 ወይም የ30 ዓመት ጽዳትን፣ የማጣሪያ ድብልቅ መተካትን፣ የጭቃ ምርመራንና ማስወገጃን አስልቶ ማቅረብ አለበት። አንዳንድ ከተሞች ይህን ቋሚ ወጪ የሚሸፍኑት ንብረቱ ካለው ውሃ የማያሳልፍ ገጽ ስፋት ጋር በተያያዘ ክፍያ ነው፤ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ መራጮች በኖቬምበር 2018 ያጸደቁት ዓመታዊ ግብር በዚህ መርህ ላይ የቆመ ነው። የክፍያው ዓይነት የፕሮጀክት መሪው የሚወስነው ጉዳይ ባይሆንም፣ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ተረካቢው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሊታወቅ፣ የጥገና ኃላፊውም በንድፍ ግምገማው ላይ ተቀምጦ «ይህን ክዳን በስንት ሰው ነው የምንከፍተው?» ሊል ይገባል። ከእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚገኘው ማሻሻያ ከብዙ ገጽ የባለሙያ አስተያየት ይበልጣል። መምጠጫ ቦቴ የማይደርስበት ገንዳ፣ መሰላል የሌለው ክፍል፣ መዞሪያ የሌለው መግቢያ ሁሉ የሚስተካከሉት ወረቀት ላይ እያሉ ነው።

ጨረታና ውል

የመንገድና የቱቦ ሥራ የለመደ ተቋራጭ አፈርን የሚያውቀው በዳምጠው ጠቅጥቆ ነው፤ እዚህ ግን የሚፈለገው አፈሩ እንዳይጠቀጠቅ ነው። ይህ በቃል ማሳሰቢያ የሚያልፍ ነገር ስላልሆነ በውሉ የቴክኒክ ዝርዝር ውስጥ በግልጽ መጻፍ፣ ያለ ተቆጣጣሪው ፊርማ የማይታለፉ ደረጃዎችም መቀመጥ አለባቸው፦ የቁፋሮው ወለል ሲጠናቀቅ፣ ከማጣሪያው ሥር የሚቀበረው የተበሳሳ ቱቦና ጠጠሩ ከመሸፈኑ በፊት፣ የማጣሪያ ድብልቁ ከመኪና ከመውረዱ በፊት፣ የላይኛው ልክ ከተስተካከለ በኋላና ውሃ ወደ ማጣሪያው ከመለቀቁ በፊት። ለማጣሪያ ድብልቁ በሥራ መጠን ዝርዝሩ ውስጥ «የአትክልት አፈር» ብሎ መጻፍ ችግር መጥራት ነው፤ የቅንጣት መጠኑ፣ የሸክላና የደቃቅ አፈር ጣሪያው፣ የፎስፎረስ መጠኑና ውሃ የማሳለፍ ፍጥነቱ በቤተ ሙከራ ማስረጃ ተደግፎ እንዲቀርብ ይጠየቅ። ተክሎችን የመትከልና እስኪጸኑ የመንከባከብ ሥራ ቢቻል ለብቻው ተቆርጦ፣ ክፍያውም በተተከለው ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት በተገኘው ቢታሰብ ይመረጣል።

ግንባታው፦ ማጣሪያው ሳይወለድ እንዳይሞት

ለማጣሪያ እጅግ አደገኛው ጊዜ የአገልግሎት ዘመኑ ሳይሆን የግንባታው ወራት ናቸው። ያልተሸፈነ የግንባታ ቦታ በአንድ ኃይለኛ ዝናብ የሚልከው ጭቃ፣ የተረጋጋ ሰፈር በዓመታት ከሚልከው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ የላይኛው ተፋሰስ መንገዱ ተነጥፎ፣ ባዶ መሬቱ በሣር ወይም በንጣፍ ተሸፍኖ ሳያልቅ የጎርፍ ውሃ ወደ ማጣሪያው አይገባም። መግቢያው በአሸዋ ጆንያ ወይም በጊዜያዊ ግድግዳ ተዘግቶ ውሃው በማሳለፊያው መስመር ይሄዳል። ጉድጓዱ በግንባታው ጊዜ ለደለል ማቆሚያነት እንዲያገለግል ከተፈለገ ከመጨረሻው ልክ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ሳይቆፈር ይተው፤ በመጨረሻ ያ ሽፋን ከላዩ ከተኛው ጭቃ ጋር አንድ ላይ ተነሥቶ ይወጣል።

ኤክስካቫተሩ ከጉድጓዱ ውጭ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ይቆፍር፤ ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ የረገጠው የሸክላ ወለል ውሃ ማስረጉን ያቆማል። ባልዲው ያለሰለሰው ወለል በሬክ ወይም በባልዲው ጥርስ ተፍቆ ሻካራ ይሁን። በአሸዋውና በጠጠሩ መካከል ብዙ ተቋራጮች በልማድ ጂኦቴክስታይል የተባለውን ውሃ የሚያሳልፍ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ያነጥፋሉ፤ አግድም የተነጠፈ ጨርቅ ግን ደቃቁን ይዞ የሚደፈን የመጀመሪያው ነገር ነው፣ ከተደፈነም ሙሉውን ማጣሪያ ቆፍሮ ከማውጣት በቀር መድኃኒት የለውም። በምትኩ መካከለኛ ሻካራነት ያለው የአሸዋ ንጣፍና ከሥሩ ልኩ የተመረጠ ደቃቅ ጠጠር ማሰለፍ ይሻላል።

ድብልቁ ሳይት ሲደርስ የቤተ ሙከራ ወረቀቱን ማየት አይበቃም። ከየመኪናው ከሁለት ሦስት ቦታ አንድ አንድ እፍኝ ወስዶ ግልጽ በሆነ ማሰሮ ውስጥ ከውሃ ጋር በደንብ መበጥበጥና አስቀምጦ መመልከት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አሸዋው ወዲያው ይቀመጣል፤ በላዩ ያለው ውሃ ከአንድ ሰዓት በኋላም ቡና መስሎ ከቀጠለ ወይም ከአሸዋው በላይ ወፍራም የጭቃ ድርብ ከተኛ፣ መኪናው ሳያራግፍ ይቁምና ናሙናው ወደ ቤተ ሙከራ ይላክ። ይህ ቤተ ሙከራን የሚተካ አይደለም፤ በወረቀቱና በመኪናው ላይ ያለው ነገር የተለያየ ሲሆን ግን የሚያጋልጠው ይኸው ነው።

ሁለተኛው በቅርብ መታየት ያለበት ነገር ልክ ነው። ትርፉ ውሃ የሚወጣበት የጎርፍ ማስተንፈሻ ጠርዝ ከንድፉ በ2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢሠራ ለዓይን ምንም አይደለም፤ በ6,800 ካሬ ሜትር ላይ ግን 136 ሜትር ኪዩብ ውሃ ሳይጣራ ያመልጣል ማለት ነው። በተቃራኒው ከመንገድ ጠርዝ የሚገባበት ቀዳዳ ከውስጠኛው መሬት ጋር እኩል ከተሠራ በመጀመሪያው ክረምት ደለልና ሣር ይዘጋውና ውሃው አልፎት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከመግቢያው ወደ ውስጥ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይሰጠው። ሁሉም መግቢያና ማስተንፈሻ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት በሌቭል ይለካ፤ ከደረቀ በኋላ የሚደረግ ልኬት ክርክር ከማስነሣት አልፎ የሚያስተካክለው ነገር የለም።

ስለ ደኅንነት አጭሩ ቃል ይህ ነው። ከ1.5 ሜትር በላይ ጥልቅ የሆነ ቦይ ያለ ደጋፊ ሰው አይግባበት። ነባር ማንሆልና ቱቦ ውስጥ ከመግባት በፊት ኦክስጅን፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ተቀጣጣይ ጋዝ ይለካ፣ ከላይ ጠባቂ ይቁም። በቱቦው ውስጥ ለሚሠራ ሰው አደገኛው ዝናብ እላዩ ላይ የሚዘንበው አይደለም፤ ከላይኛው ተፋሰስ፣ እርሱ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ የዘነበው ነው። ስለዚህ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው የላይኛውን ሰማይ እንዲከታተል በስም ይመደብ።

ሙከራ፣ ርክክብና ከዚያ በኋላ

ከጊዜያዊ ርክክብ በፊት ማጣሪያው በውሃ ይሞከር። በቦቴ የቀረበ ንጹሕ ውሃ የተወሰነ ክፍል ላይ ተሞልቶ፣ በቆመ ሜትር ላይ የውሃው ልክ በየአሥር ደቂቃው እየተነበበ የመውረድ ፍጥነቱ ይመዘገባል፤ ይህ የመጀመሪያ ንባብ ወደፊት ማጣሪያው መደፈን አለመደፈኑን ለማወቅ የሚነጻጸርበት መሠረት ስለሆነ በርክክብ ሰነዱ ውስጥ መግባት አለበት። ከመሬት በታች ያሉ ቱቦዎች በካሜራ ይታዩ፣ ንድፉም እንደተሠራው ሆኖ ታርሞ ይቅረብ። ለጥገና ሠራተኞች የሚሰጠው መመሪያ ወፍራም መጽሐፍ ከመሆን ይልቅ፣ ክዳኖቹ የት እንዳሉ፣ ምን በስንት ጊዜ እንደሚታይና ምን ሲታይ ምን እንደሚደረግ የሚናገር፣ በፕላስቲክ የተለበጠ አንድ ሁለት ገጽ ቢሆን የመነበብ ዕድሉ ይሰፋል።

በደለል ማስቀሪያ ገንዳው ውስጥ ልክ የተቀባበት ዘንግ ይተከል፤ ደለሉ የገንዳውን ግማሽ ሲይዝ የማውጫው ጊዜ ደርሷል። ወንፊቶች ከየኃይለኛው ዝናብ በኋላ ይጸዳሉ። በማጣሪያው ላይ የሚቆመው ውሃ ከተወሰነው ሰዓት በላይ መቆየት ሲጀምር ብዙ ጊዜ የተደፈነው የላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ እርሱን ፍቆ መተካት ይበቃል፤ ይህ ካላስተካከለው ነው ወደ ታች የሚታየው። የሚወጣው ጭቃ ብረትና ዘይት ሊይዝ ስለሚችል ሳይመረመር ለእርሻ ወይም ለሙሌት አይሰጥ።

ውጤቱን በመለካት ረገድ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። «ማጣሪያው 80 በመቶ ደለል ይቀንሳል» የሚለው አባባል የገባው ውሃ ምን ያህል ቆሻሻ እንደነበረ ካልተናገረ ብዙ አይገልጽም፤ እጅግ ደፍርሶ የገባ ውሃ 80 በመቶ ተጣርቶም ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፣ ንጹሕ ሆኖ የገባ ደግሞ 20 በመቶ ብቻ ቀንሶ ወንዙን አይጎዳም። ስለዚህ መመዘኛው በመውጫው ላይ በሊትር የሚገኘው ሚሊ ግራም ይሁን። ናሙናውም በአንድ ቅጽበት በጠርሙስ የተቀዳ ሳይሆን ጎርፉ ከጀመረበት እስኪያበቃ ድረስ እንደ ፍሰቱ መጠን የተወሰደ ይሁን፤ ቆሻሻው በመጀመሪያው ደቂቃዎች በዝቶ በኋላ ስለሚቀንስ፣ ቀጂው በደረሰበት ሰዓት ልክ ውጤቱ ይለዋወጣል።

የመጨረሻው ርክክብና ከተቋራጩ ክፍያ ለዋስትና የተያዘው ተቀናሽ መለቀቅ ቢያንስ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ካለፈ በኋላ እንዲሆን በውሉ ይያዝ። በዚያን ዕለት ተቋራጩ፣ ተቆጣጣሪውና ተረካቢው መሥሪያ ቤት በአንድነት ቦታው ላይ ተገኝተው የውሃ ሙከራውን ይደግሙታል፤ የመውረድ ፍጥነቱ በንድፉ ከተወሰደው በታች ከሆነ ተቀናሹ አይለቀቅም፣ የላይኛው ድርብ በተቋራጩ ወጪ ተፍቆ ይተካና ሙከራው እንደገና ይደረጋል። የደለል ዘንጉ ንባብም በዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ ይመዝገብ፤ ተረካቢው የሚቀጥለውን ዓመት የጽዳት በጀት የሚጠይቀው በዚያ ቁጥር ነውና።